ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ

አቶ ሽባባው ሞተው የተገኙት ማክሰኞ ቀትር ላይ ነው። ሮተርዳም ውስጥ፣ ሻርሎይስ በሚባለው ሰፈር፣ በሁለተኛ ፎቅ ቤታቸው፣ ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ነበር። ቧንቧው ይፈሳል፤ ኸይዘር የሚሉት በጋዝ ውሃ የሚያሞቅ መሣሪያ ይነድዳል፤ መስኮቱ ተዘግቷል። ክንዳቸው ሥር አንድ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተገኘ። ሰውየውን ከሞቱ ይልቅ የጎዳቸው ይኸው ወረቀት ነው።

«ስለዚህ እኔ መጨረሻው ላይ ደርሻለሁ። ማንም አልገፋኝም፤ ወድጄ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን ብቻዎን ይሂዱ፤ አይዘኑብኝ። ደኅና ይሁኑ። ሽባባው።»

ፖሊስ ወረቀቱን ዴን ሃግ ለሚማረው ለአዘዘ አስተረጎመና መዝገቡን ዘጋው፤ ሰውየው ራሱን ገድሏል ተባለ። ይህን የሰሙት የቤተ ክርስቲያናቸው ቄስ ባዩ ደግሞ አንገታቸውን ደፉ። ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ እንደ ማንም ሊቀብራቸው ሆነ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲጾሙ ሲጸልዩ የኖሩ ሰው ናቸው እንግዲህ።

አቶ ሽባባው አገር ቤት የታወቁ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ነበሩ። እዚህ በአውትኬሪንግ፣ ማለትም በመንግሥት ድጎማ እየኖሩ፣ የማያነቡት ነገር አልነበረም፤ ስለ ንብ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ወንዞች፣ ስለ ድልድይ አሠራር። በየወሩ ለአራት ሰዎች አንድ አንድ መጽሐፍ ይመርጡና ለምን እንደመረጡት በሁለት ወረቀት ጽፈው፣ ሽፋኑ ውስጥ አድርገው ይልኩ ነበር። መጀመሪያ የመጽሐፉን ጥፋት ይናገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ምስጋናው። ለትንሹም ለትልቁም «እርስዎ» ነው የሚሉት። አራቱም ብቸኞች ነበሩ። ሰውየው ለማን ብቸኝነት የትኛው መጽሐፍ እንደሚስማማ ያውቁ ነበር፤ ለራሳቸው ግን ማን መረጠላቸው?

ከአራቱ አንዷ ወይዘሮ የትነበርሽ ናት። አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ዛሬ ዴን ሃግ የሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች። አንዴ አቶ ሽባባው የወንጀል ልቦለድ ልከውላት «ገዳዩን ገጽ አርባ ላይ ይደርሱበታል ብዬ እሰጋለሁ፤ ቢሆንም ስለ ዝናቡ ሲሉ ያንብቡት» ብለው ጽፈውላታል። የደረሰችበት ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ነበር።

ረቡዕ ማታ ስልክ የደወለላት ኣረፋይኔ ነው። የአቶ ሽባባው የታች ጎረቤት፣ የአሥመራ ሰው፣ በመርከብ ከሰል ማንደድ ያረጀ ሽማግሌ ነው። አስከሬኑንም ያገኘው እሱ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ውሃው በቧንቧ ሲወርድ እየሰማ ቆይቶ ቢሰለቸው ወጥቶ አየ። ቁልፍ አላስፈለገውም። አቶ ሽባባው እንደ ሰፈሩ ልማድ የበሩን መክፈቻ ገመድ በደብዳቤ ማስገቢያው ወደ ውጭ አንጠልጥለው ነው የሚኖሩት፤ የሳበ ይገባል። ኣረፋይኔ ይህን ሁሉ ከነገራት በኋላ እንዲህ አላት።

«የትነበርሽ፣ እንደ ውሻ ሊቀብሩት ነው።»

ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሮተርዳም ወረደች። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ማድ ቤቱ ገብታ መጀመሪያ ያየችው ከኸይዘሩ በላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ ነው፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል ወንፊት። ግድግዳው በስብና በአቧራ ጠቁሯል፤ የወንፊቱ ዙሪያ ግን እንደተወለወለ ነጭ ነው። አንዱ ቀዳዳ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ተይዟል። ጨርቅ ሥራዋ ነውና አላለፈችውም፤ ክሩን በመሐረብ ቋጠረችው። ኣረፋይኔን ስለ ወንፊቱ ጠየቀችው።

«ወንፊቱ ከተደፈነ ኸይዘሩ የማይሸት መርዝ ጋዝ እያወጣ ሰው ይፈጃል» አላት። «ሃያ ዓመት እሳት ያነደድኩ ሰው ነኝ። በገባሁ ቁጥር ‹ክፍት ነው?› ብዬ አይ ነበር። ጉልበቴ ታሞ ግን ከዐርብ ወዲህ አልወጣሁም። ማክሰኞ ሳገኘው ክፍት ነበር። ፖሊሱም ያለው ይህንኑ ነው፤ አየር እየገባ የሞተው ሆን ብሎ እሳቱን ሌሊቱን ሙሉ ቢያነደው ነው አለ።»

መጻሕፍቱ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። የባሕር መጻሕፍት ካሉበት መደርደሪያ አንድ ቦታ ጎድሏል፤ አራት ጣት ያህል ውፍረት ያለው መጽሐፍ ነው የተነሣው። ጠረጴዛው ላይ መጠቅለያ ወረቀትና ሲባጎ ተቀምጧል። የባሕር መጽሐፍ የሚላከው ለኣረፋይኔ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጠየቀችው፤ አልወሰድኩም ብሎ ማለ፤ እሷም ለጊዜው አመንኩህም፣ ዋሸህም አላለችው።

ማታውኑ ዴን ሃግ ተመልሳ አዘዘን አገኘችው። የአቶ ሽባባው ተማሪ ነበር፤ ከሁለት ወር በፊት ተጣልተዋል። ጠቡ ልጁ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ሲጠብቅ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ስለላኩለት ነው። «ኢኮኖሚክስ ብቻ የሚያነብ ኢኮኖሚስት ገበያ ወጥቶ ቲማቲም መግዛት አይችልም» ብለው ጽፈውለት ተቀይሞ መጻሕፍቱን ሁሉ በፖስታ መልሶላቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም። አሁን ይህን ሲነግራት ልጁ ያለቅስ ነበር። ተቆጥቶ ሰው የሚገድል ሰው እንዲህ አያለቅስም ማለት አይደለም፤ የትነበርሽ የሚያለቅሱ ገዳዮች አይታለች። የፈለገችው ሌላ ነገር ነው።

«ለፖሊስ የተረጎምከው ወረቀት ከላይ ምን ነበረበት?»

«ምንም፤ በቀጥታ ‹ስለዚህ› ብሎ ነው የሚጀምረው።»

«ቀን አልነበረውም? ሰላምታስ?»

አዘዘ ቀስ ብሎ «አልነበረውም» አላት፤ ይህን እስከዚያች ሰዓት እንዳላሰበው ፊቱ ላይ ታየ።

ዐርብ ጠዋት ወደ አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ሄደች። አራተኛዋ አንባቢ ጥሩአየሁ እዚያ ነው የምትኖረው፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ታጸዳለች፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ገና አልተወሰነም። በየቅዳሜው በባቡር ወርዳ ለአቶ ሽባባው ሾርባ የምትሠራላቸው እሷ ነበረች። ከማክሰኞ ጀምሮ ራሷን አሟት ሥራ አልገባችም። ቤቷ እንደ እቶን ይፋጃል። በበሩ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ ገብቷል፤ የመስኮቱ ጠርዝ በሹራብ ቅዳጅ ተጠቅጥቋል፤ ቀይ ሹራብ ነው። የትነበርሽ እንደተቀመጠች ጥሩአየሁ ነጠላ አምጥታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት፤ ንፋስ እንዳይመታት። አይ የእኛ ሰው! ፈረንጅ መስኮት ከፍቶ ይተኛል፤ እኛ በቁልፍ ቀዳዳ የገባ ንፋስ ይገድለናል እንላለን።

አልጋዋ ራስጌ መጻሕፍቱ ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ወረቀት ብቅ ብሏል። መጨረሻ ላይ ጀርባው ላይ የባሕር መብራት ማማ የተሣለበት ወፍራም መጽሐፍ አለ፤ ከሱ አንዲት ወረቀት ብቻ ናት የምትታየው። የትነበርሽ አልነካችውም። አቶ ሽባባውን መጨረሻ መቼ እንዳየቻቸው ጠየቀቻት፤ ጥሩአየሁም ቅዳሜ ነው አለች፤ ክፉኛ ይስሉ ነበር። የትነበርሽ ነጠላውን አጥፋ መለሰችላትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻርሎይስ እንድትመጣ ለመነቻት፤ መጽሐፉንም ይዛ እንድትመጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስት ሆነው ማድ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቄስ ባዩ ወንበር ይዘዋል፤ ሌሎቹ ቆመዋል።

«አባ፣» አለች የትነበርሽ፣ «እርስዎ ደብዳቤ ሲጽፉ በምን ይጀምራሉ?»

«በቀኑ ነዋ። ከዚያ ‹ይድረስ ለእገሌ› እላለሁ፤ ጤናውን እጠይቃለሁ።»

«አቶ ሽባባውም እንደዚያው። በአራት ዓመት አንድ ቀን ሰላምታ ሳይሰጡ ጽፈውልኝ አያውቁም። ይህን ፖሊስ አያውቅም፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። ሰላምታ የሌለው ወረቀት ሁለተኛ ገጽ ነው። የሞት ስንብት አይደለም፤ ስለ መጽሐፍ ነው። ማንም ሳይገፋቸው፣ ወድደው፣ አንብበው የጨረሱት መጽሐፍ ነው። አንደኛው ገጽ ግን እዚህ የለም፤ መጽሐፉም የለም። ስለዚህ ከኣረፋይኔ በፊት የገባ ሰው አለ።»

ከዚያም ወደ ወንፊቱ ዞራ የተወለወለውን ዙሪያ አሳየቻቸው። ተደፍኖ ነበር፤ ሰኞ ማታ ገላቸውን ሊታጠቡ ውሃ ከፍተው ሲጽፉ ጋዙ የወሰዳቸው ለዚያ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የደፈነው ሰው መጥቶ ነቀለው፤ ፖሊስ ክፍት ሆኖ ያገኘውም ለዚህ ነው። ኣረፋይኔ እሳት ያውቃል፤ እሱ አይደፍነውም። አዘዘ ሁለት ወር አልመጣም። ቀይ ክሩን ከመሐረቧ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የደፈነው የሚጠላቸው ሰው አይደለም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲስሉ ሰምቶ ብርድ ነው ብሎ ያዘነላቸው ሰው ነው።»

ጥሩአየሁ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ቅዳሜ ዕለት እሳቸው ማዶ ክፍል ሲያነቡ ሹራቧን ቀድዳ ጠቀጠቀችው፤ እሳቸውም አላዩ፣ እሷም አልነገረቻቸው። ማክሰኞ ማለዳ ሥራ ከመግባቷ በፊት ልታያቸው ብትመጣ ተደፍተዋል፣ ቀዝቅዘዋል። ራሷ ሲዞር ጋዙ መሆኑ ያኔ ገባት። ጨርቁን ነቀለች። መጽሐፉ ስሟ ተጽፎበት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ትታው መሄድ አልቻለችም። ሁለተኛው ገጽ ክንዳቸው ሥር መቅረቱን ያወቀችው ባቡር ውስጥ ነው።

«ራሱን ገደለ ሲሉ ሰማሁ፤ ፍትሐት የለውም ሲሉም ሰማሁ። ከተናገርኩ ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ሦስት ቀን ዝም አልኩ፣ አባ። የገደልኩት ሳያንስ ጸሎቱንም ነጠቅሁት።»

ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ።

«የካቲት ፬ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.። ይድረስ ለክብርት ወይዘሮ ጥሩአየሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሳሉም ተሽሎኛል፤ ምክንያቱን ባላውቅም ቤቱ ከቅዳሜ ወዲህ ሞቆልኛል። የዚህ መጽሐፍ ጥፋቱ ርዝመቱ ነው። የመብራት ማማ ጠባቂው ጋ መቶ ገጽ ሙሉ ማንም አይመጣም። ቢሆንም ብቻውን የሚኖር ሰው ሊያነበው ይገባል፤ መጨረሻው ላይ ሰው ይመጣለታልና…»

ቄስ ባዩ ከዚህ በላይ ማንበብ አልቻሉም። ወረቀቱን አጥፈው ተነሡ።

«ፍትሐቱ ይደረጋል» አሉ። «አንቺም ትቆሚያለሽ። ሰኞ ደግሞ ፖሊስ ጋ ሄደሽ እውነቱን ትናገሪያለሽ።»

የትነበርሽ አብሬሽ እሄዳለሁ አለቻት።

ቅዳሜ በበረዶው ላይ ጸሎቱ ሳይጎድል ተደረሰ። ሰባት ሰው ነበር። አልቆ ሁሉም ሊሰናበት ሲል እግሩ አልንቀሳቀስ አለው፤ አጽናኝ አለ፣ የሚጽናና የለም። ለማን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይባላል? ኣረፋይኔ በታመመ ጉልበቱ በረዶውን እየጣሰ ብቻዋን ወደቆመችው ወደ ጥሩአየሁ ሄደ። ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አላት።

ሌላ ዘመድ አልነበራቸውምና፣ የቀሩትም ተራ በተራ እየመጡ ይህንኑ ብለዋት ሄዱ።