ከመጨረሻው ምዕራፍ የሚጀምረው ሰው

ሃያሲው እንኳየሁ የሞተው መስኮት የሚከፍትለት ሰው አጥቶ ነው። እሑድ ጠዋት አምባ ጊዮርጊስ በተከራየው ክፍል ሬሳው ሲገኝ፣ ለነሐሴ ብርድ ያነደደው ከሰል አመድ ሆኗል። ጭኑ ላይ የየትናየት አዲስ ልቦለድ ነበር፤ ዝናብ የምታዝ የቅማንት ልጅና የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ልጅ የሚዋደዱበት፣ አስማት የበዛበት መጽሐፍ።

ጎረቤቱ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብታንኳኳ የሰማችው ማንኮራፋት ብቻ ነው፤ ተኝቷል ብላ ተመለሰች። አሥር ሰዓት ላይ ግን በቴሌግራም ገጹ ላይ መጽሐፉን የሚያወድስ ሂስ ወጣ። በከሰል ጭስ ራሱን ስቶ የሚያንኮራፋ ሰው ሂስ አይጽፍም።

ኢንስፔክተር ሸዋረግ በውዳሴው የምትጠቀመውን የትናየትን እንድታስር ታዝዛ ጎንደር ወዳለው የጸሐፊዋ ቤት ገባች። የትናየት፣ ባሏ ታከለና አታሚው አያ አላምረው ሳሎን ተቀምጠዋል።

«ይዘውኝ የሚሄዱ ከሆነ እንሂድ፤» አለች የትናየት። «ያለፈውን መጽሐፌን ‹አስማቱ ሸጋ ነው፣ ሰዎቹ ግን ነፍስ የላቸውም› ብሎ ቀብሮታል። ቅዳሜ ግን እዚሁ ነበርኩ።»

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

«እንኳየሁ ሳይወቅስ ካመሰገነ፣» አሉ አያ አላምረው፣ «መሞቱን ያኔውኑ ማወቅ ነበረብን።»

«እንዴት ነበር የሚያነበው፣ አያ?»

«ከመጨረሻው ምዕራፍ ይጀምራል። መጨረሻው ካልጣመው ፊተኛውን አይነካውም። እዚህ አገር ያለ ጸሐፊ ሁሉ ሲያማው የሚኖረው በዚሁ ነው።»

ሸዋረግ ስልኳን አውጥታ ሂሱን አነበበች፤ «‹ሙሽሮቹ በሠርጋቸው ቀን ዝናብ ሲያረሰርሳቸው አለቀስኩ።›» ከዚያ መጽሐፉን ገለጠች። «እዚህ ግን ልጁ ከሠርጉ በፊት አንገረብ ወንዝ ይሰምጣል።»

«ለወጥኩት እኮ፤» አለች የትናየት። «ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ። ያኔ ያወቁት አያ አላምረው ብቻ ናቸው።»

«የድሮውን ረቂቅስ ማን አነበበው?»

የትናየት ወደ ታከለ ዞረች። ረቂቁን ኮምፒውተር ላይ የጻፈላት ባሏ ነው።

«እንኳየሁ ከመጨረሻው ስለሚጀምር አይሳሳትም፤» አለች ሸዋረግ። «አንቺ የጻፍሽውን አትረሺም። አያም ገጽ በገጽ አርመውታል። የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ታከለ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ከተተ። «መጽሐፉን እንዳይነቅፍ ልለምነው ነበር የሄድኩት። ሳንኳኳ ዝም አለ። በሩ አልተቆለፈም፤ ገባሁ። የተኛ መሰለኝ።»

«ስልኩ የሚከፈተው በጣት አሻራ ነው። ጣቱን ስትጎትተው አልነቃም። ያኔም የተኛ መሰለህ?»

«ይተነፍስ ነበር፤» አለ ታከለ። «ሂሱን ለጥፌ በሩን መልሼ ዘግቼ ወጣሁ። ለአንቺ ብዬ ነው የትናየት። አራት ዓመት ሙሉ የለፋሽበትን...»

«ከታተመ ሁለት ወሩ ነው፤» አለች። «ራስጌህ ነው ያስቀመጥኩልህ። አንድ ቀን ገልጠህ ታየዋለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

ሸዋረግ ‹ያን መስኮት ብትከፍተው ኖሮ› ልትል ጀመረችና ተወችው። ሐኪሙ ሰውዬው የሞተው ማምሻውን ነው ብሏታል። ከአሥር ሰዓት እስከ ማምሻ ስንት ሰዓት እንዳለ ደጋግማ አስባዋለች፤ ማሰቧ ማንንም አላስነሳም።

የትናየት ተነሥታ ጃኬቷን ለበሰች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለ ታከለ።

ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።