የጉብታው ጥሎሽ

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ጎን በሣር የተሸፈነ ትልቅ ጉብታ አለ። የድሮ ወታደሮች ምሽግ ነበር። ቅርስ ስለሆነ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ችካል እንኳ አይተከልበትም። የእኛ ሰው ግን በየንግሡ በልቶ አጥንቱን የሚወረውረው እዚያ ላይ ነው። ሲያስጠላ!

ከዓምደሚካኤል ጋር የተዋወቅነውም እዚያው ነው። የተጋጠ የዶሮ አጥንት በሁለት ጣቴ አንስቼ ፊቴን ሳጨማድድ አየኝና ሳቀ።

«ጓንት ላምጣልሽ ወይስ ቄስ?»

«ጎንበስ ብትል ይበቃኛል።»

ጎንበስ አለ። አጥንት እየለቀምን ጉብታውን ዞርነው። ቀና ባልኩ ቁጥር ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። በዚያው ወደድኩት።

ሥራው ግቢ ማስተካከል ነው፤ የራሱ ትንሽ ዶዘር አለው። በዓመቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቤታችን ሽማግሌ ላከ። ለመልሱ ቀን እሱም አብሯቸው መጣ። አባቴ ጋሽ ልዑልሰገድ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ነው።

«ጥሎሽ አልፈልግም» አለ አባቴ። «የቸገረን ፓርኪንግ ነው። ቅዳሜ ያንን ጉብታ ጠረግ ያድርግልንና ልጄን ይውሰድ።»

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጥብስ ሞልተው «ይሄማ ቀላል ነው!» አሉ። ቅባቱ በአገጫቸው ይወርዳል። ዓምደሚካኤልን አየሁት።

«እሺ ጋሼ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሲወጣ በር ላይ ያዝኩት።

«ኢሊጋል ነው እኮ! ደግሞ እኔ በአፈር ነው የምለወጠው?»

«ለእኛ ብዬ ነው፣ ናዝዬ።»

ቅዳሜ ቀድሜው ሄጄ ጉብታው አናት ላይ ተቀመጥኩ። ዶዘሩን እየነዳ መጣ፤ ሲያየኝ ሞተሩን አጠፋ። ተያየን። ያው የወደድኩት ዓይን ነው። ወጥቶ አጠገቤ ቢቀመጥ ሁሉንም ይቅር እለው ነበር፤ አባቴንም አብረን እንጋፈጠው ነበር። ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩለት።

ስልኩን አወጣ።

«ሃሎ ጋሼ... ናዝራዊት እላዩ ላይ ተቀምጣለች። ልጅዎን ያንሱልኝ።»

ምራቄ መረረኝ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እየሮጠ ወጣ።

«ውረጂ! ሰው ፊት አታዋርጂኝ!»

«እወርዳለሁ፣ ዳዲ። የከተማውን የቅርስ ኢንስፔክተር ኮል አድርጌዋለሁ፤ መንገድ ላይ ነው። ለሽማግሌዎቹም ልጅቷ እምቢ ብላለች በላቸው።»

ስወርድ ዓምደሚካኤል ሊደግፈኝ እጁን ዘረጋ። ስንት ጊዜ የሳምኩት እጅ ነው። ልነካው ተጸየፍኩ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ስሙን እየጠራሁ አለቀስኩ።