ሳትለካ አትሰካ

«ፈርሚ እንጂ፤ ምን ያስጨንቅሻል?» አለ ኦግኘን ብዕሩን እያቀበላት።

ኔዳ አልተቀበለችውም። ዓይኗ ደብተሩ ላይ እንደተተከለ ቀረ። በትምህርት ቤቱ ምድር ቤት አሮጌ የቤት ኮምፒውተሮችን የሚጠግነው ክበባቸው አንድ የማይታለፍ ሕግ አለው፤ የተፈተሸ ዕቃ ሁሉ ደብተሩ ላይ ይጻፋል፣ ሁለት ሰውም ይፈርምበታል። አሁን በኦግኘን የተቻኮለ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦ «የጋሼ ስሬተን ኮምፒውተር። ሲመጣም የሞተ ነበር። ምክንያቱ የድሮ ብየዳ ጉድለት።»

«ሲመጣም የሞተ?» አለች። «ትናንት በገዛ እጄ አብርቼዋለሁ'ኮ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«የትናንቱ ገጽስ? የጻፍኩበት የታለ?»

ኦግኘን ጆሮውን አከከ። በደብተሩ መሃል የተቀደደ ወረቀት ጠርዝ ቀርቷል። ኔዳ ደሟ ፈላ።

ትናንት ሐሙስ ኦግኘን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስለነበር ብቻዋን ነበረች። መጀመሪያ ኃይል ሰጪውን በቴስተር ለካች፤ ልክ አምስት ቮልት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሰካች። ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘው አሮጌ ቴሌቪዥን መስታወት ብልጭ ድርግም ካለ በኋላ «ዝግጁ» የሚል ቃል ወጣበት። ብቻዋን ዘለለች፣ ብቻዋን አጨበጨበች። ለጋሼ ስሬተን አልደወለችም። ቅዳሜ በሚደረገው የክበቡ ኤግዚቢሽን ላይ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እያየ፣ በድንገት ልታበራላቸው ፈልጋ ነው።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ደግሞ ኦግኘን በዚያው ኃይል ሰጪ የካሴት ማጫወቻ ሲሞክር ቆየ። ማጫወቻው የሚፈልገው አሥራ ሁለት ቮልት ነው። የቮልቱን ማዞሪያ ወደ አምስት ሳይመልስ፣ ቴስተሩንም ሳያነሳ፣ ለጓደኞቹ በስልክ ቀርጾ ሊልክ ብሎ ኮምፒውተሩን ሰካው። ኔዳ ስትገባ የጠበቃት የተቃጠለ ሽታና አሥራ ሁለት ላይ የቀረ ማዞሪያ ነው። የሚያናድደው ደግሞ ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ «ሳትለካ አትሰካ» ብሎ በትልቁ የጻፈው ራሱ ኦግኘን መሆኑ ነው። አምና ኔዳን ብየዳ ያስተማራትም እሱ ነው።

«ዳይሬክተሯ ከሰማች ክፍሉን ትዘጋዋለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰበብ ነው የምትፈልገው፣ ታውቂያለሽ። ለክበቡ ብዬ ነው፣ አቦ አታካብጂ።»

«ለክበቡ? ለራስህ ነው እንጂ!»

ይህኔ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ስሬተን ቅባት ያወዛውን የወረቀት ከረጢት ይዘው ገቡ። ኦግኘን ደውሎ ጠርቷቸዋል።

«ከጥጉ ዳቦ ቤት ነው፣ የአይብ ቡሬክ። ሳይቀዘቅዝ ብሉ» አሉ። «እሺ፣ በሽተኛዬ እንዴት ሆነ?»

ኦግኘን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ጋሼ፣ በጣም አዝናለሁ። ሲመጣም አይሠራም ነበር። ብየዳው ነው ችግሩ» አለ።

ጋሼ ስሬተን ወደ እጆቻቸው አዩ። ያን ኮምፒውተር በወጣትነታቸው፣ በአንድ ክረምት፣ ከመጽሔት ላይ ሥዕሉን እያዩ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሠሩት እነዚህ እጆች ናቸው። ሳጥኑ ከአሮጌ ቁም ሣጥን የተቆረጠ እንጨት ነው። ባለቤታቸው ዳሪንካ ደግሞ በየሳምንቱ ሬዲዮው ሥር ቴፕ ይዘው ይቀመጡ ነበር። ያኔ የኒሽ ከተማ ልጆች ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ ሬዲዮው እንደ ዘፈን የሚያስተላልፈውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ጩኸት በካሴት ይቀዱና ለባላቸው ያቆዩ ነበር። ዳሪንካ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል።

«ነግራኝ ነበር» አሉ ጋሼ ስሬተን። «‹አንተ ሰው አትቸኩል፣ ይኼ ሾርባ አይደለም› ትለኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። የእጄ ሥራ ነው፣ ማንን እወቅሳለሁ? እናንተንም በከንቱ አለፋኋችሁ።» የኦግኘንን ራስ ዳበስ አደረጉ። «አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ። በሉ፣ መንገዴ ላይ ገንዳው ውስጥ ጥየው እሄዳለሁ።»

ኦግኘን ከከረጢቱ ቡሬክ አውጥቶ ገመጠ።

ኔዳ ሁለቱን አየቻቸው። እኒህ ሰው ይቅርታ ይጠይቁታል፣ እሱ የእሳቸውን ቡሬክ ያኝካል! ያን ብየዳ ነጥብ በነጥብ በማጉያ መነጽር አይታዋለች። እያንዳንዱ እንደ ምስር ክብና ጥርት ያለ ነው። እሷ ከዓመት ልምምድ በኋላም እንደዚያ መበየድ አትችልም። ክፍሉ ቢዘጋ የምትሄድበት የላትም፤ ኦግኘንም ከዛሬ በኋላ ላያናግራት ይችላል። ይህንን ሁሉ ታውቃለች።

ኦግኘን እያኘከ ብዕሩን በዓይኑ አመለከታት። አነሳችው። ፈገግ አለ።

ኔዳ ግን ንጹሕ ገጽ ገለጠችና ብዕሩን ጫን አድርጋ ጻፈች፦ «ሐሙስ። አምስት ቮልት፣ ተለክቷል። በርቷል። ዓርብ። አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሳይለካ ተሰካ። ብየዳው እንከን የለውም።» ፈረመች። ከዚያ ደብተሩን ገፋ አድርጋ ኦግኘን ፊት አቆመችው። ከእሷ ፊርማ ሥር አንድ መስመር ባዶ ነው።

ኦግኘን ማኘኩን አቆመ። «ኔዳ… በናትሽ።»

ጋሼ ስሬተን ሳጥኑን በብብታቸው ይዘው በሩን ሊከፍቱ ነው። ሮጣ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ አይጣሉት። እባክዎ ይቀመጡ።»

«ምነው ልጄ?»

«ሐሙስ ዕለት በርቶ ነበር።»

ሽማግሌው የሰሙትን ያላመኑ መሰሉ። ሳጥኑን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት።

«በርቶ? የኔው? እና… ምን አለ?»

«‹ዝግጁ› አለ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ስሬተን ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ኔዳም የሚመረውን ቀሪውን ልትነግራቸው ሌላ በርጩማ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።