በወንድም ስም የወጣ ካርድ

«ሰክሮ ነበር» አለች የሟቹ ሚስት። «እግሩ ይጠላለፋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ከሚጠጣው ውሃ ግማሹ ደረቱ ላይ ይፈሳል። ይኼ ስካር ካልሆነ ስካር ምን ሊሆን ነው?»

«ወንድሜ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠብታ አልቀመሰም» አለ ታላቅ ወንድሙ። «ሳምንቱን ከቤት አልወጣም፤ መጠጥም ወደ ቤት አልገባም። ምስክሩ እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ሁለቱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጻፈች። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል። አንዱን ውሸታም ከማለቷ በፊት ሁለቱም እውነት የሚሆኑበትን መንገድ መፈለግ ልማዷ ነው።

ሟቹ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጓሮ ባለችው ጠባብ የጥረዛ ክፍሉ፣ በመጭመቂያውና በሙጫው ጠረጴዛ መካከል ወድቆ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። ሰውነቱ ላይ ቁስል የለም። ሆስፒታሉ ግን ደሙን መርምሮ ሊቲየም የሚባል መድኃኒት ከልክ በላይ አገኘበት። ብልቃጡ በክር ቆርቆሮው ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ የተጻፈበት ስም የታላቅ ወንድሙ ነው።

«አለቃ፣ ይኼማ ያለቀለት ነገር ነው» አለ ሳጅኑ። «የራሱን መድኃኒት ለወንድሙ አበላው። ካቴናውን ላምጣ?»

«ካቴናውን ተወውና ሰውየውን ጥራልኝ።»

ወንድምየው ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። የጥረዛውን ክፍል በር ሲያልፍ ወገቡን ሰበር አደረገ።

«ይህ መድኃኒት የእርስዎ ነው?»

«ስሜ ተጽፎበት የለ?»

«ለምን ይወስዱታል?»

«ለእንቅልፍ።»

«መቼ መቼ?»

«እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነዋ።»

መርማሪዋ መልሱን ጻፈች። ቀጥላ ሚስትየውን ጠየቀች፦ «በሩን ማን ቀረቀረው?»

«እኔ። የልጄ እጮኛ ቤተሰቦች ሊመጡ ነበር። እየተንገዳገደ ሳሎን ቢገባስ? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ልጅቱ ገና ሳትቀመጥ ማውራት ጀመረች። «መጋረጃዎቹን አዩልኝ? ሦስቱንም ትናንት ሰፋኋቸው። ግድግዳውንም እየቀባሁ ነው፣ ግማሹ ቀርቷል። አራት ቀን አልተኛሁም፣ ይገርምዎታል፣ ምንም አልደከመኝም። የአባዬን ኪኒን የምሰጠው እኔ ነበርኩ፣ ያ ነገር እንዳይነሳበት።»

«ያ ነገር ምንድን ነው?»

ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኛ ቤት ስም የለውም» አለች።

መርማሪዋ በማግስቱ ቤቱ ውስጥ የተገኙትን የመድኃኒት ወረቀቶች ይዛ ሁለት ክሊኒኮች ሄዳ ሁለት ካርዶች አየች። ተመልሳ የጥረዛውን ክፍል በር በሜትር ለካች።

«በሩን ሊገዙት ነው እንዴ አለቃ?» አለ ሳጅኑ።

«ሁሉንም ጥራልኝ።»

ሦስቱ ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ሳጅኑ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ከቁመት ልጀምር» አለች ወደ ወንድምየው ዞራ። «በአእምሮ ሕክምናው ክሊኒክ በእርስዎ ስም የወጣው ካርድ ቁመት አንድ ሜትር ከስልሳ ይላል። እርስዎ በወንድምዎ በር ሳያጎነብሱ አያልፉም። እሱ ግን ለራሱ ልክ የሠራው በር ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይገባ ነበር። ደግሞ ይህን መድኃኒት እንቅልፍ እምቢ ሲለው የሚውጠው ሰው የለም። በየቀኑ፣ ደም እየተመረመረ ነው የሚወሰደው። ጥቂት ቢያንስ አይሠራም፣ ጥቂት ቢበዛ ይመርዛል። ታማሚው እርስዎ አይደሉም።»

ወንድምየው መነጽሩን አወለቀ። «ሳምንት ሙሉ ሳይተኛ አርባ መጽሐፍ ይጠርዝ ነበር። ከዚያ ወር ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። የእሱ ስም ከሚጠፋ የእኔ ይጥፋ አልኩ። እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ።»

«ሕመሙ ስም አለው። ባይፖላር ይባላል፤ ስሜትን ከልክ በላይ ከፍ፣ ከልክ በላይ ዝቅ የሚያደርግ ሕመም ነው። በመድኃኒቱ ሃያ ዓመት ሠርቶ ኖሯል። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን እግሩ አበጠና ሌላ ክሊኒክ ወሰዱት። እዚያ ካርዱ በራሱ ስም ነው፤ ስለ ሊቲየም አንድ ቃል የለበትም። ሐኪሙ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ሲጠይቅ ምን መለሱ?»

«የዚች ልጅ እጮኛ አክስት አጠገባችን ተራ ትጠብቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «የለም አልኩ።»

«ሐኪሙም ለእብጠቱ የሚያሸና ኪኒን ሰጠው። ያ ኪኒን ሊቲየሙ ከሰውነት እንዳይወጣ ያደርጋል። ሃያ ዓመት የተስማማው መድኃኒት ቀን በቀን ደሙ ውስጥ ተጠራቀመ። መንገዳገዱ፣ ምላሱ መተሳሰሩ መመረዝ ነበር። አልሰከረም፣ ግን ሰካራም ይመስል ነበር። ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት።»

«እጁ ሲንቀጠቀጥ ያ ነገር የተነሳበት መስሎኝ…» ልጅቱ የመጋረጃውን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። «ከረቡዕ ጀምሮ በአንዱ ፈንታ ሁለት ሰጠሁት።»

እናትየው ወለሉን እያየች፣ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች። «ቅዳሜ በሩን ሁለቴ መታ። እንግዶቹ እዚህ ተቀምጠው። ራዲዮኑን ከፍ አደረግኩት።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ ማንን ነው የምንይዘው፣ አለቃ?»

«እኔንጃ። ሁሉንም ጽፌ ለዐቃቤ ሕግ እሰጣለሁ። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።»

«የኔ እህት፣ በሞቴ» አለች እናትየው ክንዷን ይዛ። «ልብ ድካም ብለሽ ጻፊው። ምንም ብትጽፊ እሱን አትመልሺው። ይቺ ልጅ ግን በዘሯ አለ ይሏታል፤ ማን ያገባታል?»

መርማሪዋ ግማሹ የተቀባውን ግድግዳ፣ ከዚያም ልጅቱን አየች።

«ዛሬስ ተኛሽ?»

«አልተኛሁም።»

«ሐዘን ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ይህን የሚለየው ሐኪም ነው፤ እኔ አልችልም።»

ወንድምየው ከወንበሩ ተነሳ። «እኔ እወስዳታለሁ። ማንም አያውቅም፤ በሌላ ስም ካርድ እናወጣላታለን።»

ልጅቱ መጋረጃውን ለቀቀችው።

«አይሆንም፣ አጎቴ» አለች። «አሁን እጮኛዬ ጋ ደውዬ የአባዬንም የእኔንም እነግረዋለሁ። ነገ ክሊኒክ እሄዳለሁ። ካርዱን የማወጣው በራሴ ስም ነው።»