ያልነከሰ ብሎን

አናጢው ረቡዕ ማለዳ ሞቶ ተገኘ። ስድስት ወር ሲያድሰው በከረመው አሮጌ ጀልባ ሆድ ውስጥ፣ በሞተሩ ብረት ላይ በጀርባው ወድቋል። አራት አዳዲስ ጣውላዎች አብረውት ወርደው አንዱ ደረቱ ላይ ተጋድሟል። መጀመሪያ ያየችው ልጁ ናት። ፖሊሶች ሲደርሱ የአባቷን እጅ ይዛ እዚያው ቁጭ ብላ ነበር፤ ተነሺ ቢሏትም አልሰማቻቸውም።

መርማሪዋ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። አምሳ ዓመት ያለፋት፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የማታውቀውን ሙያ እንደምታውቅ አትሆንም፤ «እስቲ አስተምሩኝ» ማለት ይቀናታል። ሰዎቹን ከማነጋገሯ በፊት መሰላሉን ወጥታ ወለሉን አየች። ከጀልባው አፍንጫ እስከ ወገቡ ድረስ አዲስ ጣውላ ተነጥፎበታል። የጣውላዎቹ ጫፍ ከሥር ከተሸከማቸው የመጨረሻ አግዳሚ እንጨት አልፎ አንድ ክንድ ያህል በሞተሩ ጉድጓድ ላይ ተንሳፍፏል። አናጢው የረገጠው ከመካከላቸው የወደቁትን የአራቱን ጫፍ ነው።

ልጅቷን ከወርክሾፑ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻት።

«ወለሉን ማን አሰረው?»

«እኔ። አባቴ ጉልበቱን ያመው ነበር። እሱ ጣውላውን ይመርጣል፣ ይቆርጣል፤ ማሰሩ የኔ ነው።»

«እስቲ አስተምሪኝ፤ እንዴት ነው የሚታሰረው?»

ልጅቷ ሥራውን ስትናገር ድምጿ ትንሽ ጠና አለ። ጣውላው ይበሳል፤ ረጅም ብሎን ጣውላውን አልፎ ከሥሩ ያለውን አግዳሚ እስኪነክስ ይጠበቃል፤ የብሎኑ አናት ጠለቅ ይልና በላዩ ውኃ እንዳይገባ ትንሽ የእንጨት ውታፍ በኮላ ይደፈንበታል። ለያንዳንዱ ጣውላ አራት ብሎን። የወደቁትን አራት ጣውላዎች ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር ያሰረቻቸው።

«የዘለልሽው አለ?»

«የለም» አለች። ቆይታ ግን፣ «እኔ እንጃ። ደክሞኝ ነበር። አጎቴም ደክሞሽ ነበር አለኝ» ብላ አንገቷን ደፋች።

አጎቴ የምትለው የሥጋ አጎቷን አይደለም፤ የአባቷን ባልንጀራ ነው። ከአናጢው ጋር ሠላሳ ዓመት አንድ ወርክሾፕ ተካፍሎ የጀልባ ብረታ ብረት ይሠራል። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሞረድ ነው የሚሉት። ሻካራ ብረት ከእጁ አይወጣም፤ እሱ በሠራው ብረት ላይ ሕፃን ቢንከባለል አይቧጨርም ይባልለታል። ያን ዕለት ከልጅቷ አጠገብ አልተለየም፤ ውኃ ያቀምሳታል፣ ነጠላዋን ያስተካክልላታል። መርማሪዋን ወደ ጎን ወስዶ ለመናት።

«ልጅ ናት፤ ደክሟት ነበር። አደጋ ነው ብለው ይጻፉትና ይተዉአት። አባቴን ገደልኩ እያለች እንዳትኖር።»

መርማሪዋ ስለ አሳቢነቱ አመሰገነችው።

የጀልባው ቀለም ቀቢ ማክሰኞ ከአናጢው ጋር ሲጯጯህ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ጠቡን አልደበቀም፤ የውታፎቹ ኮላ ሳይደርቅ ልቀባ ብል ከለከለኝ አለ። ከዚያ ሰው ጋር ያልተጣላ ካለ አብሮት ያልሠራ ብቻ ነው ሲል ጨመረ። የወርክሾፑ ቁልፍ የለውም፤ ቁልፍ የያዙት አናጢው፣ ሞረድና ባለጀልባዋ ናቸው።

«የልጅቷ ሥራ እንዴት ነው?» አለችው መርማሪዋ።

«እሷማ ከአባቷም ትብሳለች። የውታፉን የእንጨት መስመር ከጣውላው መስመር ጋር ስለምታጋጥመው፣ ቀለም ስቀባ ብሎኑ የት እንዳለ ራሴ አላገኘውም።»

ባለጀልባዋ የመጨረሻዋ ነበረች። ባሏ ከዐሥር ዓመት በፊት ከዚሁ ጀልባ ላይ ሰጥሟል። የዳሩን መደገፊያ ብረት ተደግፎ ሳለ ብረቱ ተነቅሎ ይዞት ገባ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ፣ ብረቱ የታሰረበት እንጨት በስብሶ ነው፣ አናጢው ነው የገደለው አለ። አናጢው አልተከራከረም። እሷም ከዚያ ወዲህ ሰላም ብላው አታውቅም።

«ታዲያ ጀልባውን እንዴት ሰጡት?»

«ለመነኛ። ከልጄ ጋር አድሼ ልመልስልሽ፣ ሌላ የምክስበት የለኝም አለኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ። ማክሰኞ ደግሞ መጥቶ ነበር። ነገ አንድ ሰው መጥቶ የሚነግርሽ ነገር አለ፤ እሱ ካልመጣ እኔ እነግርሻለሁ አለኝ። ማን እንደሆነ ብጠይቀው፣ እሱው ራሱ ይንገርሽ፣ ያ ነው የሚያምርበት ብሎ ሄደ።»

ሐሙስ አናጢው ተቀበረ። ሞረድ ልጅቷን ደግፎ ይዞ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እያለ ከመቃብሩ እስከ ቤቷ አደረሳት። መርማሪዋ ያን ቀን ጀልባው ሆድ ውስጥ ተንበርክካ ዋለች።

ዓርብ ከምሳ በኋላ አራቱን በወርክሾፑ ሰበሰበቻቸው። በአናጢው የሥራ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነገር አስቀምጣለች፤ አንዱ ክዳን የሌለው ጣሳ ነው፣ ሌላው በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«በልጅቷ እጀምራለሁ» አለች። «እነዚያ አራት ጣውላዎች ያረፉበትን አግዳሚ አየሁት። ዐሥራ ስድስት ቀዳዳ አለው። በያንዳንዱ ውስጥ የብሎን ጥርስ እስከ ታች ድረስ እንጨቱን ነክሶ የተወው ጠመዝማዛ ምልክት አለ። አንድም አልዘለልሽም ልጄ። በደንብ አስረሻቸው ነበር፤ ከሄድሽ በኋላ ነው የተፈቱት።»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«በረጅሞቹ ፋንታ የገቡት እነዚህ ናቸው።» ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ብሎኖቹ የጣት ጥፍር አይሞሉም። «ተቆርጠዋል። ጣውላው ውስጥ ይቀራሉ እንጂ አግዳሚውን አይነኩም። በላያቸው ውታፍ ተደፍኗል፤ ላይ ላዩን ሲያዩት የታሰረ ይመስላል። ጫፉ ሲረገጥ ግን ጣውላው በሌላ ጎኑ ይነሳል። አናጢው በየማለዳው እዚያ ቆሞ ሞተሩን ያይ ነበር። ያን ቀንም ልጁ ያሰረችውን አምኖ ረገጠ።»

ቀለም ቀቢው፣ ይህን ያደረገው አናጢነት የሚያውቅ ነው አለ።

«አያውቅም» አለች። «አንተው ነህ የነገርከኝ። በነዚያ ጣውላዎች ላይ ውታፎቹ ሁሉ መስመራቸው አግድም ሆኖ ነው የገቡት። እንጨት የሚያውቅ ሰው፣ ቀለም የሚቀባም ቢሆን፣ እንዲያ አያደርግም። ስለዚህ አንተም ልጅቷም ወጣችሁ። ቁልፍ ካላቸው ሁለት ሰዎች ቀሩ።»

ባለጀልባዋ ቀና አለች። መርማሪዋ አንዱን ቁራጭ ብሎን አንስታ መዳፏ ላይ አኖረችላት።

«ጫፉን በጣትዎ ይዳስሱት። ብረት በመጋዝ ሲቆረጥ ጠርዙ ይቧጭራል። ይሄ አይቧጭርም። ማንም የማያየውን፣ እንጨት ውስጥ የሚቀረውን ጫፍ ሰውየው ቁጭ ብሎ ሞርዶታል፤ ዐሥራ ስድስቱንም። ሆን ብሎ አይመስለኝም። እጁ ሻካራ ብረት ጥሎ መሄድ ስለማይችል ነው።»

ማንም ወደ ሞረድ አልዞረም። እሱ እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«ለምን?» አለች ልጅቷ። «እንደ ወንድሙ እኮ ነበር።»

መርማሪዋ ጨርቁን ፈታች። የድሮው መደገፊያ ብረት እግር ነው፤ ሁለት ብሎኖች አሉበት። ብረቱ ሲነቀል ተሰብሮ ከወለሉ ሥር ገብቶ ቀርቶ፣ አናጢው የድሮውን ወለል ሲነቅል አግኝቶት በሣጥኑ ውስጥ ደብቆት ኖሯል። ብሎኖቹ እንደ አዲሶቹ አጭር ናቸው፤ ጫፋቸውም ተሞርዷል። ከሥራቸው የነበረው አግዳሚ ጤነኛ እንጨት መሆኑን አስረዳች፤ ዛሬም ጀልባው ላይ እንዳለ ነው፣ ምንም አልበሰበሰም። ባለጀልባዋ ሁሉን ሰምታ ጠረጴዛውን ተደገፈች።

«ረጅሙ ብሎን አልቆብኝ ነበር» አለ ሞረድ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። «ባልሽ ቸኩሎ ነበር። ለጊዜው በዚህ ላሲዘው፣ ኋላ እቀይረዋለሁ አልኩ። ነገ ዛሬ ስል ሰውየው ሰጠመ። ሰዎች እንጨቱ ነው ሲሉ ዝም አልኩ።»

«አናጢው ይህን ሲያገኝ ምን አለህ?» አለች መርማሪዋ።

«አልተቆጣም። ብረቱን አሳየኝና አለቀሰ። እስከ ረቡዕ እጠብቅሃለሁ፣ አንተው ራስህ ሄደህ ንገራት አለኝ። ከኔ አፍ ስትሰማው አንተ ትዋረዳለህ አለኝ። ማክሰኞ እስከ በሯ ሄጄ ነበር። ተመለስኩ።»

«የሰጠህን ጊዜ ለዚህ ተጠቀምክበት» አለች መርማሪዋ።

ልጅቷ ተነስታ ፊቱ ቆመች። አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ አንተ እያለችው ነው ያደገችው።

«አባቴ ያን ሰው እኔ ነኝ የገደልኩት ብሎ ያምን ነበር» አለችው። «ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ የቱ እንጨት ነው የሸወደኝ እያለ ሲብሰለሰል አጠገቡ ቁጭ ብለው ያዩት ነበር፤ እርስዎ።»

ሞረድ እስከዚያ ድረስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ያንን ቃል ሲሰማ አጎነበሰ፤ እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ በሩ ላይ ለቆሙት ፖሊሶች ዘረጋ። ይዘውት ወጡ።

ቀለም ቀቢው መሰላሉ ሥር ተቀምጦ ባርኔጣውን እያሻሸ ቀረ። ባለጀልባዋ ወደ ልጅቷ ተጠጋች።

«መቃብሩ የት ጋ እንደሆነ አሳዪኝ» አለቻት። «ሰላም ሳልለው ነው የሄደው።»

ልጅቷ የአባቷን ካፖርት ከሚስማሩ አውርዳ ደረበችው፤ ሁለቱ አብረው ወጡ።