እጅ የሚያምነው

ሠርክ ናይሮቢ ከገባች ወዲህ ቅዳሜን ትፈራ ነበር።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ መጋዘን ጭነት ስትቀበልና ስትልክ ትውላለች። ስልክ ይጮኻል፣ ሹፌሮች ይጨቃጨቋታል፤ ቀኑ ሳይታወቃት ያልፋል። ቅዳሜ ግን ኪሊማኒ ያለችው ጠባብ ቤቷ ጭር ትላለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ትውልና አመሻሹ ላይ የግቢውን ዘበኛ በስዋሂሊ «ሃባሪ» ብላ ሰላም ስትለው የገዛ ድምፅዋ እንግዳ ይሆንባታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አክስቷ የውብዳር ወደ ከፈተችው ምግብ ቤት ትሄዳለች። እዚያ የአገሯ ሰው ሁሉ ጠረጴዛ ገጥሞ ሲሳሳቅ እሷ ጥጓን ይዛ ጎርሳ ትወጣለች።

አንድ ቀን ፓርክላንድስ ሰፈር መጋረጃ ልትገዛ ሄዳ፣ ከሱቁ በላይ ባለው ፎቅ ላይ «የሸክላ ሥራ ትምህርት፣ ቅዳሜ ጠዋት» የሚል ሰሌዳ አየች። ሸክላ አምሯት አያውቅም። ደረጃውን ያስወጣት «ቅዳሜ» የሚለው ቃል ነው።

አስተማሪዋ ናይሮቢ የተወለዱ ኒርማላ የሚባሉ ህንዳዊት ባልቴት ነበሩ። ጭቃውን በሞተር በሚሽከረከር ክብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በሁለት እጅ እንዴት እንደሚያዝ አሳዩአት። ሠርክ እንዳሳዩአት ያዘችው፤ ጭቃው ግን ተፈናጥሮ ቀሚሷ ላይ አረፈ።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ሳታስበው።

«አይዞሽ፤ የኔ እዚያ ግድግዳው ላይ ነው ያለው» የሚል አማርኛ ከኋላዋ መጣ።

ዘወር ስትል እስከ ክርኑ ጭቃ የተለወሰ ረጅም ሰው አየች። ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ጭቃ ደርቆበታል። ሁለቱም ሳቁ። ሠርክ ቅዳሜ ቀን ከሳቀች ስንት ጊዜ እንደሆናት ለማስታወስ ሞከረችና አቃታት።

ሕዝቅያስ ይባላል፤ የአንድ ዕርዳታ ድርጅት የውኃ መሐንዲስ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ተናፋቂ ሆነች። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ የሁለቱም ሥራ ይጣመማል፣ አንዱ በሌላው ይስቃል። ዕረፍት ሲሆን እሱ በፔርሙስ ያመጣውን ሻይ በአንዲት ክዳን እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። አንዳንዴ አንዱ ቀና ሲል የሌላውን ዓይን ያገኘዋል።

ሲወጡ ግን እሱ በብሩሽ ከጥፍሩ ሥር ሳይቀር እየፈተገ ሲታጠብ ብዙ ይቆያል።

«ቆዳህን ልትልጠው ነው እንዴ?» ትለዋለች። ፈገግ ብሎ መፈተጉን ይቀጥላል።

አንድ ቅዳሜ ኒርማላ፣ «ዛሬ ዕቃ አትሠሩም። የምታምኑበትን ነገር ሥሩ፤ እንዴትም ቢሆን እጃችሁን አትከልክሉት» አሉ።

ሠርክ ሳታመነታ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሠራች፤ ቀይ ሽንኩርት መሰለባት። ሕዝቅያስ ግን ድፍን ጭቃውን ይዞ ፈዞ ቀረ። ልታስቀው ፈለገች።

«አክስቴ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ? ‹ጭቃ ስታቦኪ ውለሽ ጅብ ሆነሽ እንዳትመጪብኝ!›»

አልሳቀም። ጭቃውን በቀስታ አስቀመጠው።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት» አለ። «እኔን ያስተማረችኝ ገንቦ ሸጣ ነው። ጭቃ ግን አስነክታኝ አታውቅም። ‹እኔ የነካሁት ይበቃል፤ አንተ ሰው ሁን› ትለኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ከባዕድ አገር ሴት የምማረው ለዚህ ነው።»

«ይቅርታ… እኔ እኮ በዚህ ነገር አላምንም» አለች ሠርክ፤ ፊቷ ጋለ።

«አውቃለሁ» አለና እንደ ወትሮው ሻይ ቀድቶ ዘረጋላት።

ተቀበለችው። ከመቀበሏ በፊት ግን እጇ ዘገየ። ዓይን እስኪርገበገብ ያህል እንኳ አይሆንም፤ እሱ ግን አየው። ማየቱን እሷም አየች። ሻዩን ጠጣችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሕዝቅያስ ቀረ። በሌላውም ቀረ። ስትደውልለት አያነሳም።

ሠርክ በአክስቷ ተናደደችና ሄዳ ሁሉንም አጫወተቻት።

«እትዬ፣ ሸክላ ሠሪዎች ሰው ሲበሉ በዓይንሽ አይተሻል?»

«ኧረ እንዴት ብዬ!» አለች የውብዳር። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ልንገርሽ? እኔም አላምንበትም። ግን ነገሩ ማመን አይደለም፣ ሰው ነው። ሰው ምን ይላል? ነገ ልጆችሽን ማን ያገባቸዋል?»

አክስቷ ላይ መፍረድ ይቀል ነበር፤ የዘገየው እጅ ግን የአክስቷ አልነበረም።

ቅዳሜ ሲመጣ ብቻዋን ተቀመጠች። እንደገና ጉልላት ጀምራ ጨፈለቀችው። ከዚያ ጣቶቿን ለቀቀቻቸው። ጎንበስ ያለች፣ ገንቦ በጀርባዋ ያዘለች ሴት ከጭቃው ወጣች። ሠርክ ደነገጠች፤ ታውቃታለችና። ደሴ ውስጥ፣ ሠርክ ልጅ ሳለች፣ በሰፈራቸው ታልፍ የነበረች ሸክላ ሻጭ ናት። ነጠላዋን፣ የተሰነጠቀ ተረከዟን፣ ሁሉንም ሠራች። ፊቷ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ።

ሕዝቅያስ በሳምንቱ ቅዳሜ የመጣው ዕቃውን ሊወስድ ነበር። ሰሜን ኬንያ፣ ሎድዋር ተመድቦ ሰኞ ሊሄድ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለችውን ፊት አልባ የጭቃ ሴት አይቶ ቆመ።

«ማን ናት?»

«ስሟን አላውቅም። ስታልፍ እናቴ በነጠላዋ ትሸፍነኝ ነበር። ፊቷን አይቼው አላውቅም» አለች ሠርክ። እንባዋ መጣ። «አላምንም ስልህ አልዋሸሁህም፣ ሕዝቅያስ። እጄ ግን ሳላውቀው ሲያምን ኖሯል።»

ሕዝቅያስ የራሱን እጆች አገላብጦ አያቸው።

«የኔም ያምናል። ስታጠብ አይተሽኝ የለ? ሰው ጥፍሬ ላይ ጭቃ እንዳያይ ብዬ ነው። እዚህ አገር ቢያዩኝስ ምን ይሉኛል? ምንም። የምሸሸው ከራሴ ነው።»

«ነገ ምሳ አብረን እንብላ» አለች።

«የት?»

«አክስቴ ጋ።»

አያትና «እሺ» አለ።

እሑድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሠርክ እጁን ይዛ ገባች። «እትዬ፣ ያልኩሽ ሕዝቅያስ እሱ ነው» አለች። የውብዳር «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች እንጂ ዓይኗ መሬት መሬት ያይ ነበር። ወሬው ቀድሟቸዋል፤ ከአጠገባቸው የነበሩ ባልና ሚስት ምግባቸውን ሳይጨርሱ ጠረጴዛ ቀየሩ። አክስቷ እንደ ልማዷ መጥታ አላጎረሰቻትም፤ ምግቡን አስተናጋጅዋ አስቀምጣ ሄደች።

«እኔ ለምጄዋለሁ። ላንቺ ግን አዲስ ነው» አለ ሕዝቅያስ በሹክሹክታ።

«እዚህ ቤት እኮ ሁልጊዜ ብቻዬን ነው የምበላው» አለች። «ዛሬ ይሻላል።»

ሲወጡ የሐምሌ ብርድ ተቀበላቸው። ማታቱ የሚባሉት ታክሲዎች እየጮሁ ያልፋሉ። ሕዝቅያስ አንድ አጥር ተደግፎ ስልኩን አወጣ።

«እማዬ፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ሸክላ እየተማርኩ ነው።»

ሠርክ ጆሮዋን አስጠጋች። ከወዲያ የእናቱ ድምፅ መጣ፦

«ማን ነው የሚያስተምርህ?»

«አንዲት ህንዳዊት።»

ሴትዮዋ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይህን ሁሉ የደከምኩት ለዚህ ነው? አይ ልጄ! ለመሆኑ ጭቃው ይታዘዝሃል?»

«እምቢ ይለኛል። እማዬ… አጠገቤ አንዲት ልጅ አለች።»

ሳቁ ቆመ። «ታውቃለች?»

ሕዝቅያስ ሠርክን አያት። «ታውቃለች። ሁሉንም ታውቃለች።»

ነገ እሱ ይሄዳል፤ አክስቷ ምናልባት ከእንግዲህ አትጠራትም፤ ቅዳሜም ተመልሶ ጭር ሊልባት ነው። ሠርክ ይህን ሁሉ እያሰበች ቆመች።

«እስቲ ስጣት» አሉ እናቱ።

ስልኩን ተቀበለች። ልትል ያሰበችው ሰላምታ ሁሉ ጠፋት፤ «እማማ» ብቻ አለች።

«አቤት ልጄ» አለ ጎርነን ያለው ድምፅ። «እዚያ አገር ብርድ ነው ይሉኛል። ደርበሽ ነው የወጣሽው?»