የቀትሩ ግጥሚያ

«ካፒቴኗም ታረጋግጥ!» አሉ የስፖርት ኃላፊው አቶ ስንታየሁ፣ በእስክሪብቷቸው ወደ ኤልሳቤጥ እየጠቆሙ።

የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ በሸዋሮቢት ሙቀት ይንጣጣል። አሰልጣኙ ጋሼ ሙሉቀን ለብቻቸው በተቀመጠላቸው አግዳሚ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። የሴቶቹን መረብ ኳስ ቡድን ድንጋይ ለቅመው፣ መረብ በሲባጎ ቋጥረው ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ያኔ ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም። ዋንጫ ሲመጣ ግን ፎቶው ላይ መሀል የቆመው ማን ሆነና! ያው ዛሬ ወንበር ይዞ የሚፈርደው ነው።

እሑድ ከአጣዬ ቡድን ጋር ግጥሚያ ነበር። «ረመዳን ነው፤ ሙሀባ ጾማለች፣ ተቀያሪም የለን። ወደ ማታ ይሁንልን» ብለው ጋሼ ሙሉቀን ለመኑ። አቶ ስንታየሁ ግን የዞን እንግዶች ይቸኩላሉ ብለው በቀትር አስጀመሩት። ኤልሳቤጥ አጠገባቸው ቆማ ሰምታለች። ሙሀባ ሜዳ ላይ ወደቀች፤ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተወስዳ እስከ ዛሬ ዓይኗን አልገለጠችም።

ጋሼ ሙሉቀን ግለ ሒስ አቅርቡ ተብለው፣ «ልጅቷን ማስወጣት ነበረብኝ፤ ጥፋተኛ ነኝ» ብለዋል። ይህ አልበቃም። ሰዓቱንም የመረጡት እሳቸው ናቸው መባል አለበት። ከተጫዋቾቹ አንዷ ሔለን «እንደተባለው ነው» ብላ ኤልሳቤጥ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ፋራ አትሁኚ ኤልሲ» አለች በሹክሹክታ። «የእናትሽ ሻይ ቤት የቀበሌ ቤት ነው።»

ኤልሳቤጥ ተነሳች።

«ጋሼ ወደ ማታ ይሁን ብለው ነበር። በቀትር ይጀመር ያሉት እርስዎ ነዎት።»

አቶ ስንታየሁ ፈገግ አሉ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የብዙነሽ።»

«አሃ፣ የሻይ ቤቷ!»

ውሳኔው እንደሁ ሳይሰበሰቡ ያለቀ ነው። እጅ ወጣ፤ አሰልጣኙ ተሰናበቱ።

ደጅ ላይ ጋሼ ሙሉቀን ደረሱባት። «ምነው ዝም ብትዪ፣ አንቺ ልጅ? እኔን እንደሁ አላዳንሽኝ!»

«ሙሀባ ስትነቃ ምን ልበላት ታዲያ?»

ጋሼ ሙሉቀን ባርኔጣቸውን ደፍተው በአስፋልቱ ዳር ሄዱ።

ሻይ ቤቱ በአውቶቡስ ተሳፋሪ ተሞልቷል። እናቷ ብርጭቆ እያለቀለቀች፣ «ምነው ፊትሽ?» አለቻት።

ኤልሳቤጥ በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ከሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ።»